ሽፍታ ተብሎ የተሰቀለው ፕሬዚዳንት

የተከበራችሁ ታዳሚዎች፣

ዛሬ በፊታችሁ የቆምኩት ስለ አንድ ፀጉር አስተካካይ ልነግራችሁ ነው። የምጠራቸው ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ማካሪዮ ሳካይ በፊሊፒንስ ዋና ከተማ ማኒላ ውስጥ፣ ቶንዶ በሚባል የድሆች ሰፈር ተወለደ። ፀጉር ያስተካክል፣ ልብስ ይሰፋ፣ መድረክ ላይም ይተውን ነበር። በ1894 የስፔንን አገዛዝ ለመጣል በምስጢር ወደተደራጀው ካቲፑናን ገባ። ስፔን ተሸንፋ ፊሊፒንስን በ20 ሚሊዮን ዶላር ለአሜሪካ አስረከበች። ፊሊፒናውያን ግን ለነፃነታቸው አሜሪካን ተዋጉ። በ1901 መሪያቸው ፕሬዚዳንት አጊናልዶ ተማረከ፤ በሐምሌ 1902 አሜሪካ ጦርነቱ አበቃ ብላ አወጀች። ብዙ የታሪክ ጸሐፊዎችም ምዕራፉን እዚያው ላይ ዘግተውታል።

ሳካይ ግን ተራራ ወጥቶ የታጋሎግ ሪፐብሊክን አቋቋመ፤ ፕሬዚዳንቷም ሆነ። እሱና ጓዶቹ አገራቸው ነፃ እስክትወጣ ፀጉራቸውን ላይቆረጡ ተማምለው ነበር ይባላል። ይህን ያለው መቀስ ይዞ ያደገ ሰው መሆኑን አስቡት!

በኅዳር 1902 ቅኝ ገዢው መንግሥት የውንብድና አዋጅ አወጣ። ቅጣቱ ሞት፣ ካልሆነም ከ20 ዓመት ያላነሰ እስር ነው። ወንበዴ የተባለ ቡድን አባል በእርግጥ መዝረፉን ማስረዳት እንኳ አያስፈልግም፤ አባልነቱ ይበቃል። ይህን አዋጅ ባነበብኩ ቁጥር ደሜ ይፈላል። እኛ አንድ ሰው ሸፈተ ሲባል «በማን ላይ?» ብለን እንጠይቃለን፤ አዋጁ የተጻፈው ይህ ጥያቄ እንዳይነሳ ነው።

አሜሪካኖች ሳካይን በጠመንጃ ሊይዙት አልቻሉም። በካቪቴና በባታንጋስ አውራጃዎች ገበሬውን ከቀዬው ነቅለው በአንድ ቦታ አጎሩት፤ ሳካይ አሁንም አልተያዘም። በ1906 ዶሚናዶር ጎሜዝ የተባለ ፖለቲከኛ ወደ ተራራው ወጣ። ፊሊፒናውያን የሚመርጡት ምክር ቤት እንዳይከፈት እንቅፋቱ የእናንተ ጦርነት ነው አለው። ሳካይ አመነው፤ እንደማይነካ ቃል ተገብቶለት በሐምሌ ማኒላ ገባ። ሕዝቡ በእልልታ ተቀበለው። ከጥቂት ቀናት በኋላ ካቪቴ ውስጥ ለግብዣ ተጠርቶ፣ በጭፈራው መካከል ተያዘ።

መስከረም 13 ቀን 1907 ከጓዱ ከሉሲዮ ዴ ቬጋ ጋር በቢሊቢድ እስር ቤት ተሰቀለ። ገመዱ ሥር ቆሞ፣ እኛ ወንበዴዎች አይደለንም፣ እናት አገራችንን የተከላከልን ነን ሲል ተናገረ።

ቃል የተገባለት ምክር ቤት ከ33 ቀናት በኋላ ማኒላ ውስጥ ተከፈተ።