ስለ ሮም የማንን ወሬ እንመን?

ሰላም ቤተሰብ! እንኳን ደህና መጣችሁ። የጥንት ሮምን የሚያጠና ሰው የመጀመሪያ ደረጃ ምንጭ፣ ማለትም በዚያው ዘመን የተጻፈ ወይም የተሠራ ነገር፣ ከየት ያገኛል? የዛሬው ጉዳያችን ይሄ ነው።

እስቲ አንድ ሠርግ አስቡ። እናንተ አልሄዳችሁም። ጎረቤታችሁ ቡና ላይ ታወራለች። "ሦስት በሬ ታረደ፣ የሙሽራው አጎት ሰክሮ ወደቀ!" እሷ ነበረች? የለችበትም። ከእህቷ ሰምታ ነው። እህቷስ? ድንኳኑ በር ድረስ ሄዳ የተመለሰች ናት። አሁን የበሬውን ደረሰኝ አምጡ። ሙሽራዋ ለጓደኛዋ የላከችውን ቴክስትም አምጡ። ደረሰኙ ላይ በሬው አንድ ነው! ደረሰኝ ለወሬ ማድመቂያ አይጻፍም። እኔ ደረሰኝ እወዳለሁ፣ ምን ላድርግ።

ሮምም ደረሰኝ አላት። የምሬን ነው! ፖምፔይ በምትባል የጥንት የሮም ከተማ ውስጥ፣ ዩኩንዱስ በሚባል ባለገንዘብ ቤት፣ እ.ኤ.አ. በ1875 ሰም የተቀቡ የእንጨት መጻፊያ ጽላቶች ተገኙ። አንዱ እ.ኤ.አ. በ15 የተጻፈ ነው፤ በቅሎ በ520 ሴስተርስ (የሮም ገንዘብ ነው) ተሸጠ ይላል።

ሌሎቹን ምንጮች ቶሎ ቶሎ ልበል። ለመጻሕፍት ፐርሰስ የሚባለው ድረ ገጽ አለ፣ ላቲኑ ከነእንግሊዝኛ ትርጉሙ በነጻ። ለድንጋይ ጽሑፍ ሞምሰን የሚባል ጀርመናዊ የታሪክ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1853 የጀመረው ግዙፍ ስብስብ፣ CIL የሚባለው። ለፓፒረስ፣ ከተክል ለሚሠራው የጥንት ወረቀት፣ በግብፅ ኦክሲሪንከስ ከተባለች ጥንታዊ ከተማ የተገኙት ጽሑፎች። ሳንቲም ደግሞ የንጉሡ ማስታወቂያ ነው፣ በጥርጣሬ አንብቡት።

ቆይ ግን፣ ኮሜንት ላይ "ንጉሡ ኔሮ ሮም ስትቃጠል ቫዮሊን ይጫወት ነበር" የምትሉኝ በዝታችኋል። ወገን! እሳቱ የተነሳው እ.ኤ.አ. በ64 ነው። ቫዮሊን የመጣው ከሺህ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። እሺ፣ ክራር ነበር እንበል። ማን አየ? ሮማዊው ታሪክ ጸሐፊ ታሲተስ ያኔ ልጅ ነበር። እሱም ቢሆን "ዘፈነ የሚል ወሬ ነበር" ነው ያለው። እሳቱ ሲነሳ ኔሮ ከሮም ውጭ፣ አንቲየም የምትባል ከተማ ነበር፣ ተመልሶም ቤት ለተቃጠለበት ሕዝብ አትክልት ቦታውን ከፈተ ብሎም ጽፏል። ሌላው ታሪክ ጸሐፊ ስዌቶኒየስ ያኔ ገና አልተወለደም፤ ግን የመድረክ ልብሱን ለብሶ ዘፍኗል ብሎ እርግጡን ይነግረናል! ሦስተኛው ታሪክ ጸሐፊ ካሲየስ ዲዮ ደግሞ ልብሱ የክራር ደርዳሪ ልብስ ነበር ይላል። እሱ የጻፈው ከመቶ ዓመት በላይ ዘግይቶ ነው። ሰው እየራቀ ሲሄድ ዝርዝሩ ይጨምራል፣ አይገርምም?

እንደ ሙሽራዋ ያለውን ቴክስት ረሳሁት! ሰሜን እንግሊዝ፣ ቪንዶላንዳ የሚባል የሮማውያን የጦር ሰፈር ነበር። እ.ኤ.አ. በ100 አካባቢ ክላውዲያ ሴቬራ የምትባል የአዛዥ ሚስት ሌላዋን የአዛዥ ሚስት፣ ሌፒዲናን፣ ለልደቷ ጠራቻት። ሴፕቴምበር 11! አዎ፣ አሁን እኛ እንቁጣጣሽ የምንለው ቀን። ደብዳቤውን ሌላ ሰው ጽፎላታል፤ መጨረሻው ላይ ግን "እጠብቅሻለሁ እህቴ" ብላ በራሷ እጅ ጨመረችበት። ስስ እንጨት ላይ፣ በቀለም። ብሪቲሽ ሙዚየም ነው ያለው፣ ፎቶው ኢንተርኔት ላይ አለ፣ ሊንኩን ከታች አስቀምጫለሁ። ሰብስክራይብ ያላደረጋችሁ፣ ኧረ በናታችሁ!