አፍሬ የከፈልኩት ሂሳብ

እንደምን አመሻችሁ።

ብዙዎቻችሁ በቅርቡ ወደ ማታውቁት አገር ልትሄዱ ነው። ስለዚህ ከራሴ ልጀምር። ዓመታት አልፎታል። እኩለ ሌሊት ላይ ከአውሮፕላን ወረድኩ። ደክሞኛል። የስልኬ ባትሪ አልቋል። አንድ ሰው ሻንጣዬን ከእጄ ተቀብሎ ወደ መኪናው መራኝ። "ስንት ነው?" አላልኩትም። የታክሲው ቆጣሪ ላይ ጨርቅ ጣል ተደርጎበታል። አይቼዋለሁ፤ ግን ዝም አልኩ። ሆቴሉ በር ላይ ስንደርስ የጠራልኝ ሂሳብ ሁለት ሌሊት የሚያሳድር ነበር። ሻንጣዬ ከኋላ ተቆልፎበታል። ከፈልኩ።

ጠዋት የሆቴሏ እንግዳ ተቀባይ ትክክለኛውን ዋጋ ነገረችኝ። አምስት እጥፍ ነው የተበላሁት። ገንዘቡን ቶሎ ረሳሁት። ለማንም አለመናገሬ ግን እስካሁን ይገርመኛል። ቤቴ ተመልሼ "ጉዞ እንዴት ነበር?" ሲሉኝ "አሪፍ ነበር" አልኩ።

እንግዳን የሚያስበሉት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ ሐፍረትና ጥድፊያ። "ይሉኝታ የለውም እንዳይሉኝ" ብለን ዋጋ አንጠይቅም። "ሰው ይጠብቃል" ብለን ደረሰኙን ሳናይ እንፈርማለን። አጭበርባሪ ይህን ከእኛ በላይ ያውቃል። የሚያጣድፋችሁም ለዚሁ ነው።

በቅድሚያ ግን አንድ ነገር እናጥራ። ለውጭ ሰው የተወደደ ሁሉ ሌብነት አይደለም። በሕንድ የታጅ ማሃል መግቢያ ለዜጋውና ለውጭ ጎብኚው የተለያየ ነው። በይፋ ተለጥፏል፣ ደረሰኝም ይሰጣል። ቅር ሊላችሁ ይችላል፤ ግን የተደበቀ ነገር የለውም። በአውሮፓ ኅብረት ግን በ2006 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጠራው) የወጣው የአገልግሎት መመሪያ አንድን ተገልጋይ በዜግነቱ ወይም በመኖሪያው ብቻ ለይቶ ማስከፈልን ይከለክላል። ልዩነት የሚፈቀደው አሳማኝ ምክንያት ሲኖረው ነው። ስለዚህ ከመጮኻችሁ በፊት ግድግዳውን አንብቡ። ዋጋው በድርድር በሚቆረጥበት ገበያም ሻጩ መጀመሪያ ከፍ አድርጎ ቢጠራ ሥራው ነው። ተከራከሩ፣ ሳቁ፣ ካልተስማማችሁ ሂዱ። እኔ በዚህ ተናድጄ አላውቅም።

የሚያናድደኝ ሳትስማሙ የሚመጣው ሂሳብ ነው። ይህን የሚመክተው ከመቀመጣችሁ፣ ከመሳፈራችሁ፣ ከመቅመሳችሁ በፊት የምትጠይቁት ጥያቄ ነው። ቋንቋ ካልተግባባችሁ ቁጥሩን ስልካችሁ ላይ ጻፉና አሳዩ። እሱም ይጻፍ። ከዚያ ፎቶ አንሱት። "ለአንድ ሰው ነው ወይስ ለሁላችንም? ሻንጣውንስ ይጨምራል?" በሉ። ብዙ ጠብ የሚነሣው ከእነዚህ ሁለት ጥያቄዎች መዘለል ነው።

አሁን ደግሞ ማንም ሳይሰድባችሁ፣ ማንም ሳያስፈራራችሁ ስለምትበሉበት መንገድ ልንገራችሁ። በካርድ ልትከፍሉ ነው እንበል። ካርዱን ስታስነኩ አንዳንዴ ማሽኑ ላይ ሁለት ቁጥር ይመጣል። አንዱ በምትገኙበት አገር ገንዘብ ነው። ሌላው ካርዳችሁ በወጣበት አገር ገንዘብ ነው። ሁለተኛው ያጓጓል፤ የምታውቁት ገንዘብ ነዋ! ችግሩ ያንን ምንዛሪ የሚያወጣው የእናንተ ባንክ አይደለም። የማሽኑ ባለቤቶች ናቸው፤ ትርፋቸውንም በተመኑ ውስጥ ጨምረውበታል። ጥቂት የማይባል ልዩነት አለው። የአገሩን ገንዘብ ምረጡ። ኤቲኤምም ይኸንኑ ሊጠይቃችሁ ይችላል። "ምንዛሪውን አልቀበልም" ስትሉ ገንዘቡ የማይወጣ ይመስላል። ይወጣል፤ ባንካችሁ ይመነዝረዋል።

አንዳንዴ አስተናጋጁ ማሽኑን ወደ ራሱ አዙሮ እሱ ይመርጥላችኋል። ምርጫው የባለካርዱ ነው፤ የካርድ ድርጅቶቹ ደንብ እንደዚያ ይላል። "ሰርዘህ እንደገና አስገባው" በሉት። በአውሮፓ ኅብረት ደግሞ ከሚያዝያ 2020 ወዲህ በምንዛሪው ላይ የተጨመረው ክፍያ በመቶኛ ተሰልቶ ከመክፈላችሁ በፊት መታየት አለበት። ስለዚህ ስክሪኑን ማንበብ ነውር የለውም። ከኋላችሁ ሰልፍ ቢኖርም።

ኪራይ መኪናን በተመለከተ አጭር ልሁን። ቁልፉን ከመቀበላችሁ በፊት መኪናውን ዙሩትና ቪዲዮ ቅረጹ። ጎማውን፣ ከበምፐሩ በታች ያለውን፣ ጣሪያውን፣ መስታወቱን። የነዳጁን ጠቋሚም ጨምሩ። ስትመልሱም እንደገና። ያለበለዚያ የቀድሞው ተከራይ የጫረው ጭረት የእናንተ ይሆናል። ፓስፖርታችሁን መያዣ አድርጋችሁ ምንም ነገር አትከራዩ። ፓስፖርቱን የያዘ ሰው የጠራውን ዋጋ ሁሉ ያስከፍላችኋል።

እሺ፣ ተጠንቅቃችሁም ተሸወዳችሁ እንበል። ምን ይደረግ?

በመጀመሪያ ድምፃችሁን ዝቅ አድርጉ። ሂሳቡ ተዘርዝሮ ይጻፍልኝ በሉ። ዝርዝር ሲጠየቅ ግማሹ ጭማሪ ብን ብሎ ይጠፋል፤ የሚጽፉለት ስም የለውማ። ከዚያ ኃላፊውን አስጠሩ። ሰውየው ግን እየተቆጣ፣ ጓደኞቹ እየከበቡ ከመጡ ክፈሉና ውጡ። ይህን የምለው ፈሪ ስለሆንኩ አይደለም፤ እርግጥ ትንሽ ፈሪም ነኝ። በካርድ ከከፈላችሁ ግን ነገሩ እዚያ አያበቃም። ከተስማማችሁበት በላይ ከተቆረጠ ለባንካችሁ ቅሬታ ማቅረብ ይቻላል። ባንኩ ማስረጃ ይጠይቃል፤ የዋጋ ዝርዝሩን ፎቶ፣ ደረሰኙን፣ የተጻጻፋችሁትን። "ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም" ይባል የለ? እናንተም ወረቀቱን አትልቀቁ።

ቅሬታ ጊዜ አለው። በ1999 በተፈረመው የሞንትሪያል ስምምነት መሠረት ለአየር መንገድ ያስረከባችሁት ሻንጣ ተጎድቶ ከደረሰ በ7 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ማመልከት አለባችሁ። ዘግይቶ ከደረሰ ደግሞ እጃችሁ ከገባበት ቀን ጀምሮ 21 ቀን አላችሁ። "ቤቴ ገብቼ ልረፍና" እያለ ይህን መብት ያጣ ብዙ ነው።

መንገድ ላይ "ፖሊስ ነኝ፤ ቦርሳህን ልፈትሽ" የሚል ካጋጠማችሁ ገንዘባችሁን አታውጡ። መታወቂያውን ጠይቁ፤ "ጣቢያ እንሂድ" በሉ። የውሸት ፖሊስ ጣቢያ መሄድ አይወድም።

ከገንዘቡ ይልቅ የሚያምም ነገርም አለ። ባዶ ወንበር እያለ "ሞልቷል" መባል። ከሰልፉ ውስጥ በመልካችሁ ወይም በፓስፖርታችሁ ቀለም ብቻ ተለይታችሁ መውጣት። ለዚህ መድኃኒት አለኝ አልልም። ብዬም አላታልላችሁም። ከባለ ደንብ ልብስ ጋር ድንበር ላይ መጨቃጨቅ አያዋጣም። ግን ቦታውን፣ ሰዓቱን፣ ደረት ላይ ያለውን ቁጥር ወዲያው ጻፉ። መግባት ከተከለከላችሁ ምክንያቱን በጽሑፍ ጠይቁ። የሼንገን አገሮች (እርስ በርሳቸው ያለ ድንበር ፍተሻ የሚያሻግሩት የአውሮፓ አገሮች) ድንበር ላይ ይህ ግዴታቸው ነው፤ ምክንያቱ በቅጽ ተሞልቶ ይሰጣችኋል፣ ይግባኝ የማለት መብትም አላችሁ።

ከታሰራችሁ ደግሞ በ1963 የወጣውን የቪየና የቆንስላ ስምምነት አንቀጽ 36 አትርሱ። "ቆንስላዬ ይነገረው" የማለት መብት አላችሁ፤ ያሰሯችሁም ይህን መብት ሳይዘገዩ ሊነግሯችሁ ይገባል። ቆንስላው ሂሳባችሁን አይከፍልም። ከእስርም አያስፈታም። የጠበቃ ዝርዝር ሊሰጣችሁና ለቤተሰብ መልእክት ሊያደርስ ግን ይችላል። አድራሻውን ስልካችሁ ላይ ብቻ ሳይሆን ወረቀት ላይም ያዙ። የእኔ ስልክ ያን ሌሊት ምን እንደሆነ ሰምታችኋል።

አሁን ማይኩን ወደ እናንተ ላዙረው። እዚህ ከተቀመጣችሁት መካከል ተበልቶ ለማንም ያልተናገረ እንዳለ እርግጠኛ ነኝ። ስንት እጥፍ እንደከፈላችሁ ንገሩኝ። አምስትን የሚበልጥ ካለ ቅድሚያ እሱ ይናገር።