ሊያሳይሽ ብሎ ይጠቁማል?

ሰላም ሰላም፣ እንዴት ናችሁ? ስለ ባጃጄ ለምትጠይቁኝ፦ አዎ፣ አሁንም ጋራዥ ናት። ዛሬ ሌላ ነገር ላውራ።

አፉን አልፈታ ያለውን የእህቴን ልጅ፣ ማሙሽን፣ ባለሙያ ጋ ወሰድነው። እህቴ «አውሪው፣ ስሜን ብቻ እንዳታነሺ» ብላለች። መጀመሪያ ጆሮው ታየ። አፉን ያልፈታ ልጅ መስማቱ ነው ቀድሞ የሚጣራው። ደህና ነው፣ ይሰማል። ከዚያ ባለሙያዋ የኦቲዝም ማጣሪያ መጠይቋን አወጣች። ከ16 እስከ 30 ወር ላለ ልጅ ነው፤ 20 ጥያቄ፣ አዎ ወይ አይ ብቻ።

«የሚፈልገውን በጣቱ እየጠቆመ ይጠይቃል?»

«አዎ» አለች እህቴ፣ ቶሎ።

«ደስ ያለውን ነገር ሊያሳይሽ ብሎስ ይጠቁማል?»

«አሁን መለስኩልሽ እኮ!»

ባለሙያዋ አልተቆጣችም። «የቅድሙ እንድትሰጪው ነው፣ እናቱ። ይሄኛው እንድታዪለት ብቻ። ሐይቁ ዳር፣ አሞራ ገደል፣ እነዚያን ትልልቅ ወፎች ሲያይ፣ እዪልኝ ይልሻል ወይ ነው።»

እህቴን ታውቋታላችሁ። ባንክ ወረፋ ላይ ጓደኛ የምታፈራ ሰው ናት። ዝም አለች። የማሙሽን የጫማ ክር ፈታች፣ መልሳ አሰረች። ክሩ እኮ ምንም አልሆነም ነበር። «እጄን ይዞ ይወስደኛል» አለች በመጨረሻ።

ባለሙያዋ ጻፈች። ምን ብላ ጻፈች? አዎ ነው አይ? ሌሊት ሁሉ እሱን ሳብሰለስል አደርኩ።

ማጣሪያ እንጂ ምርመራ አይደለም ብላናለች። ልጁ ጠለቅ ብሎ ይታይ ማለት ነው፣ በቃ። እሺ። እማዬ ግን «ወንድ ልጅ አፉን ዘግይቶ ነው የሚፈታው» ብላ ቀረች። አጎቴን ትጠቅሳለች፤ አራት ዓመቱ ድረስ ዝም፣ ዛሬ እድር ላይ ማይክ የሚነጥቀው ጠፋ። ስቄያለሁ፣ አልዋሽም። ግን ያኔ አጎቴን ማን አየው? ማን ጠየቀለት? እሱ ስለተናገረ እኮ ነው የምናወራለት፣ ያልተናገሩትን ማን…

እህቴ ደግሞ የወይዘሮ ዘሚ የኑስን ታሪክ ስታነብ አመሸች። ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን አዲስ አበባ ያስከፈታቸው የገዛ ልጃቸው ነው። «እኔም ሐዋሳ ላይ ልክፈት እንዴ?» አለችኝ። ቀልዷን ይሁን አልገባኝም።

ቀጠሮው ከጥምቀት በኋላ ነው። እስከዚያ አጫውቱት፣ አውሩት፣ ሲያያችሁ መልሱለት ተብለናል። እማዬ ተቆጣች፤ «መቼ ሳናጫውተው ቀረን!» እውነቷን ነው። ግን ባለፈው እኔም አየሁት፣ በረንዳ ላይ እጁን ወደ ላይ አንስቶ… ጣቱ ነበር መሰለኝ። ወይ ዝንብ እያባረረ ነው። ለእህቴ ልንገራት ብዬ…