ዛንዚባር ከልጆች ጋር፦ ከሆቴሉ በፊት ጨረቃዋን

ጤና ይስጥልኝ፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፤ እኔና ማይክሮፎኑ ብቻ ነን። ልጆቹ ተኝተዋል። ከነቁ መቼም ድምፃቸው ይደርሳችኋል።

ሰሞኑን ክረምት እየቀረበ ነውና ያገኘኝ ሰው ሁሉ «ሕፃናት ይዘሽ ዛንዚባር እንዴት ሄድሽ?» ይለኛል። ቀጥሎ «ሆቴሉ የቱ ነው?» ይላል። እኔ ደግሞ ሆቴሉን ተዉት እላለሁ። ትንንሽ ልጆች ይዞ ደሴት ለሚሄድ ሰው መጀመሪያ የሚታየው ሆቴል አይደለም። ባሕሩ በስንት ሰዓት ሞልቶ በስንት ሰዓት እንደሚጎድል ነው።

እኛ የምናውቀው ሐይቅ ነው። ላንጋኖ ጠዋት ያያችሁበት ቦታ ማታም አለ። የዛንዚባር ባሕር ግን በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይጎድላል። በተለይ በምሥራቁ ዳርቻ፣ ፓጄና ጃምቢያኒ በሚባሉት መንደሮች በኩል፣ ሲጎድል የሚርቀው ትንሽ እንዳይመስላችሁ። ኮራል እስከሚባለው፣ ከዳርቻው ራቅ ብሎ ባሕሩ ውስጥ እስካለው ድንጋይ ድረስ ይሸሻል። ሲነጋ በረንዳው ሥር የነበረው ሰማያዊ ውሃ ረፋድ ላይ የለም። ጀልባዎቹ አሸዋው ላይ ጋደም ብለዋል። ሰዓቱም ቁርጥ ያለ አይደለም፤ በየቀኑ ወደ 50 ደቂቃ ገደማ እየዘገየ ይሄዳል።

ለዚህ ነው ሁሉም ሰው «ልጆች ካሉሽ ወደ ሰሜን ሂጂ፣ ኑንግዊና ኬንድዋ ይሻልሻል» የሚለው። እዚያ ውሃው ያን ያህል አይሸሽም፣ አብዛኛውን ቀን መዋኘት ይቻላል። ልክ ናቸው። ግን ማን ነው የሚዋኘው? የእኔ ትልቁ አምስት ዓመቱ ነው፣ ትንሿ ገና ሁለት ደፈነች። ሞገድ ሲመጣ እግሬ ላይ ተጠምጥመው የሚጮኹ ልጆች ናቸው። በዚህ ዕድሜ ያለ ልጅ ባሕር አይፈልግም፤ ኩሬ ነው የሚፈልገው።

ጃምቢያኒ ላይ ባሕሩ ትቶት የሚሄደው ደግሞ እሱን ነው። ቁርጭምጭሚት የማይደርስ፣ ፀሐይ ለብ ያደረገው፣ አሸዋው ከታች ቁልጭ ብሎ የሚታይ ውሃ። ጥፍር የምታክል ሸርጣን በጎን በጎኗ ትሮጥና ጉድጓዷ ውስጥ ጥልቅ ትላለች። ቀይ የባሕር ኮከብ አምስት ክንዷን ዘርግታ ተኝታለች። ልጄ ቁጢጥ ብሎ እሷን ብቻ ሲያይ ረፋዱ አለቀ። «ውሃው የት ሄደ?» አለኝ። «ጨረቃ ናት የምትስበው» አልኩት። በጠራራ ፀሐይ ቀና ብሎ ጨረቃን ፈለጋት፤ አጣት፤ አላመነኝም። በነገራችን ላይ የባሕር ኮከብን ለፎቶ ከውሃ አውጥተው እጃችሁ ላይ የሚያስቀምጡ አስጎብኚዎች አሉ። አይሆንም በሏቸው፤ ከውሃ ስትወጣ ትጎዳለች።

ውሃው ሲሸሽ የመንደሩ ሴቶችም ይወጣሉ። እንጨት ተክለው፣ ገመድ ወጥረው፣ ገመዱ ላይ «ምዋኒ» የሚሉትን የባሕር ሣር ያበቅላሉ። እርሻቸው ነው። ልጆቻችሁ በገመዱ መካከል እንዳይሮጡ ያዟቸው፤ ጤፍ ማሳ ውስጥ ማንም ልጁን አይለቅም።

አደጋውን ልደብቃችሁ አልፈልግም። የባሕር ጃርት የሚባል ጥቁር እሾሃም ነገር ድንጋዩ ሥር ይቀመጣል፣ ሲወጋ አያድርስ ነው። ስለዚህ የላስቲክ ጫማ የግድ ነው፣ ለእናንተም ጭምር። ሌላው፣ እስከ ኮራሉ ድረስ ልጅ አዝሎ መሄድ ጀብዱ አይደለም። ውሃው ሲመለስ ከፊት ለፊት ብቻ አይመጣም፤ ዝቅ ያለውን ቦታ ቀድሞ ስለሚሞላ ከኋላችሁም ይመጣል። እኔ መመለስ ሲጀምር አይቼ ሳይሆን ከዚያ በፊት ነው የምወጣው።

እንግዲህ ዕቅዱ እዚህ ላይ ነው የሚመጣው። ሙሉ ጨረቃ ስትሆንና አዲስ ጨረቃ ስትወለድ ባሕሩ በጣም ይሞላል፣ በጣምም ይጎድላል። በዛንዚባር በኩል በእነዚያ ቀናት የሚጎድለው ረፋድ ላይ ነው። ለልጅ ከዚህ የተሻለ ሰዓት የለም፤ ቁርስ በልቶ ይወጣል፣ ፀሐዩ አናት ሳይበሳ ገብቶ ምሳ ይበላል፣ ይተኛል። ሲነቃ ውሃው ተመልሷል። ከሳምንት በኋላ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ ረፋድ ላይ ይሞላና አመሻሽ ላይ ይጎድላል። ስልካችሁ ላይ የዛንዚባርን የባሕር ሰዓት የሚያሳይ ሰንጠረዥ በቀላሉ ታገኛላችሁ። ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት እሱን እዩ።

እዚህ ላይ ለእኛ የተሰጠን አንድ ስጦታ አለ። ስዋሂሊ ተናጋሪውም ሰዓት የሚቆጥረው እንደኛ ነው! ከጠዋቱ አራት ሰዓትን እነሱም አራት ነው የሚሉት፣ «ሳ ንኔ»። ፈረንጁ ቱሪስት «በአሥር ነው ወይስ በአራት?» እያለ ከአሳ አጥማጁ ጋር ሲጨቃጨቅ እኛ ጣት አሳይተን እንግባባለን። የሰዓት ልዩነትም የለንም። ከቦሌ ሦስት ሰዓት ገደማ በረራ ነው፤ ልጅ በእንቅልፍ ሰዓቱ ይተኛል፣ በመብያ ሰዓቱ ይርበዋል። ይህን ጥቅም እናት የሆነች ሰው ታውቀዋለች።

ጤናውን በተመለከተ። የኛ የአዲስ አበባ ልጆች የደጋ ልጆች ናቸው፤ ወባ አያውቁም። ዛንዚባር ላይ ወባ ብዙ ቀንሷል፣ ግን አልጠፋም። ቆላ መውረድ ነው። ስለዚህ ከሐኪም ጋር ተነጋገሩ፤ የመከላከያው መድኃኒት በልጁ ኪሎ ነው የሚታዘዘው፣ ከጎረቤት የሚቀዳ አይደለም። ሆቴሉን ስትጠይቁ ከመዋኛ ገንዳው በፊት አጎበሩን ጠይቁ፤ የልጁ አልጋም አጎበር አለው ወይ? ከኢትዮጵያ ለሚሄድ ዕድሜው ከአንድ ዓመት ጀምሮ የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ይጠየቃል፣ ክትባቱም ከጉዞው ቢያንስ 10 ቀን ቀደም ብሎ መወሰድ አለበት። ደግሞም ከጥቅምት 2024 ጀምሮ፣ በፈረንጆቹ ማለቴ ነው፣ ዛንዚባር የራሷን የጉዞ ኢንሹራንስ ታስገዛለች። ለአዋቂ 44 ዶላር ነው። በጀታችሁ ውስጥ አስገቡት፤ የዶላሩን ነገር አላነሳም፣ ሁላችንም እናውቀዋለን።

ሻንጣ ስታዘጋጁ ፌስታል አደራ! እኛ መቼም ዳይፐሩን በፌስታል፣ ጫማውን በፌስታል፣ ቆሻሻውን ልብስ በፌስታል ነው። ታንዛኒያ ግን ፌስታል በፈረንጆቹ ከ2019 ጀምሮ ክልክል ነው፣ ዛንዚባር ደግሞ ከዚያም በፊት ከልክላለች። በጨርቅ ቦርሳ ቀይሩት። የሕፃን ጋሪውንም ቤት ተዉት፤ አሸዋ ላይ አይነዳም። አንቀልባ ያዙ። ቅባት ከመደራረብ ደግሞ እጅጌው ረጅም የሆነ የዋና ልብስ ይሻላል፤ የምድር ወገብ ቅርብ ነው፣ ፀሐዩ ቀልድ አያውቅም። ለመንገድ ዳቦ ቆሎ። ሌላው ሁሉ ትርፍ ነው።

ስቶን ታውን፣ አሮጌው ከተማ፣ ለአዋቂ ሳምንት አይበቃውም፤ ለልጅ ግን ግማሽ ቀን ይበዛበታል። ምሽት ላይ ፎሮዳኒ ወደሚባለው የባሕር ዳር መናፈሻ ወርዳችሁ ሸንኮራ ዐይናችሁ እያየ ሲጨመቅ ጠጡ፣ በቃ። ከተማው ሙስሊም ነው፣ ትከሻና ጉልበት ሸፈን ይደረግ። አንድ ጉብኝት ብቻ ምረጪ ብትሉኝ ቻንጉ ደሴት ያሉትን ግዙፍ ኤሊዎች ነው የምመርጠው። ዘራቸው በፈረንጆቹ 1919 ከሲሼልስ በስጦታ የመጣ ነው። ዕድሜያቸው ጀርባቸው ላይ በቀለም ተጽፏል። ልጄ አንዷን ጎመን እያጎረሰ «ከእማማ ትበልጣለች?» ብሎ ጠየቀ። ትበልጣለች። ጀልባ ላይ ከመውጣታችሁ በፊት ግን የልጅ ልክ የሆነ የመንሳፈፊያ ጃኬት አሳዩኝ በሉ፤ «አለ» የሚለውን አትቀበሉ፣ በዐይናችሁ እዩት።

እማማ እናቴ ናት። ባለፈው «አንቺ ልጅ፣ ምን ሆነሽ ነው ሕፃን ይዘሽ ባሕር የምትሄጂው?» ስትለኝ የከረመች ሴት ዘንድሮ «እኔስ?» ብላለች። ስለዚህ ለ2018 ክረምት ዕቅዱ እንደገና ተጀመረ። እሷ ፍልሰታን ከቤተ ክርስቲያኗ አትርቅም፣ ነሐሴ 16 ሳይፈታ ንቅንቅ የለም። ሰንጠረዡን ከፍቼ ሳይ ሙሉ ጨረቃ ነሐሴ 22 ናት። ከዚህ የተሻለ አይገጥምም። ያን ጊዜ የእነሱ ረጅሙ የዝናብ ወቅት ካለፈ ቆይቷል፣ አዲስ አበባ በጭቃ ስትጨማለቅ እዚያ ደረቅና ነፋሻ ነው። ነፋሱ ፓጄ ላይ ካይት በሚባል ነፋስ በሚጎትተው ትልቅ ሸራ ውሃ ላይ የሚንሸራተቱትን ያበዛል፤ እኔ ለልጆቹ ብዬ ጃምቢያኒን ነው የምይዘው።

ነሐሴ 22 ዓርብ ስለሚውል «ምን ልበላ ነው?» ብላ ተጨንቃለች። ባቄላ በኮኮናት ወተት፣ ሩዝ፣ ቻፓቲ አለ አልኳት፤ ቅቤና ወተት አይነካውም። «ቻፓቲው በምን ይጠበሳል?» አለች። በዘይት ነው አልኳት። አሁን ሆቴሉ ደውዬ እንዳረጋግጥ እየጠበቀችኝ ነው። በሉ፣ ሳምንት እንገናኝ፣ ቻው።