ሰባት ዓመት ሕግ ተምሮ ማዕረጉን ለምን ተወው? ስለ ፒርክሃይመር የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ስለ ጀርመኗ ከተማ ስለ ኑርንበርግ የሕግ ሰውና የከተማ ምክር ቤት አባል ስለ ቪሊባልድ ፒርክሃይመር (1470–1530) ካወራን ወዲህ ስልኩ ፋታ አልሰጠንም። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ጣሊያን ድረስ ሄዶ ሰባት ዓመት ገደማ ሕግ ተምሮ ዶክትሬቱን ሳይዝ ተመለሰ ብለዋል። ሰነፍ ነበር እንዴ?

መልስ፦ ኧረ ወንድሜ፣ እንዲያውም ብልጥ ነበር! በኑርንበርግ ደንብ የሕግ ዶክተር ምክር ቤት አይቀመጥም፤ የፈለገ የጨዋ ልጅ ቢሆንም። ዶክተሮቹን ከተማዋ ደመወዝ ቆርጣ በአማካሪነት ትቀጥራቸዋለች። ይጠየቃሉ፣ ሐሳብ ይሰጣሉ፣ ውሳኔው ላይ ግን የሉበትም። አባትየው የሕግ ዶክተር ነበር፤ የአይሽቴት ጳጳስ አማካሪ ሆኖ ሠርቷል። ልጁ ደግሞ ፓዱዋና ፓቪያ ተምሮ በ1495 ባዶ እጁን ገባ፣ ሚስት አገባ፣ በዓመቱ ወንበር አገኘ። በመሃል ለጥቂት ዓመታት ከመልቀቁ በቀር እስከ 1523 እዚያው ነው። ሕጉን ያውቃል፣ ማዕረጉ የለውም፤ ለዚያች ከተማ ከዚህ የተሻለ ሰው ከየት ይመጣል?

ጥያቄ፦ ምክር ቤቱ ውስጥ ተራ ሰው አልነበረም?

መልስ፦ ለስሙ ነበር። ከ42ቱ አባላት 8ቱ የእጅ ባለሙያዎች ናቸው። 34ቱ ግን ከጥቂት የታወቁ ቤተሰቦች የመጡ ናቸው፤ ነገሩን የሚጨርሱትም እነሱ ነበሩ። በ1348 ባለ እጆቹ አምፀው ለጥቂት ጊዜ ከተማዋን ይዘው ነበር። ከከሸፈባቸው በኋላ የሙያ ማኅበር ማቋቋም ተከለከለ።

ጥያቄ፦ የሕግ ሰው ጦር ሜዳ ምን ይሠራል?

መልስ፦ ምክር ቤቱ ሲልክህ ትሄዳለህ። በ1499 የጀርመኑ ንጉሥ፣ በኋላ ቄሳር የሆነው ማክሲሚሊያን ከስዊሶች ጋር ሲዋጋ የኑርንበርግን ጦር የመራው እሱ ነው። በኋላ ጦርነቱን ሲጽፍ ያሰፈረው አንድ ነገር አለ፤ እኔ እንጃ፣ ባነበብኩት ቁጥር ይከብደኛል። በተቃጠለ መንደር ሲያልፉ ሁለት አሮጊቶች ብዙ ሕፃናትን እንደ ከብት እየነዱ ወደ መስክ ሲያወርዱ አየ። ልጆቹ መስኩ ላይ እንደደረሱ ተንበርክከው ሣር መጋጥ ጀመሩ። ስለ ድሉና ስለ ሽንፈቱ ብዙ ጽፏል፣ እኔ ግን ያቺን ገጽ አልረሳትም።

ጥያቄ፦ ከሠዓሊው ዱረር ጋር ጓደኛ ነበር የሚባለው እውነት ነው?

መልስ፦ የልብ ጓደኛው ነበር። ዱረር በ1506 ከቬኒስ የጻፈለት ደብዳቤ ዛሬም አለ። ገንዘብ ተበድሮታል፣ ፒርክሃይመር በበኩሉ ቀለበትና ዕንቁ ግዛልኝ እያለ አስቸግሮታል።

ጥያቄ፦ በመጨረሻ የሉተር ሰው ነው ወይስ የካቶሊክ?

መልስ፦ እናቴ፣ በአንድ ቃል አይመለስም። መጀመሪያ የፕሮቴስታንቱን ተሐድሶ የጀመረውን ሉተርን ደግፎ በ1520 ስሙ በሮማው ጳጳስ ከተወገዙት ጋር ወጣ፤ በኋላ ምሕረት ጠይቆ ውግዘቱ ተነሣለት። ከተማዋ በ1525 ወደ ሉተር ስትዞር ደግሞ ምክር ቤቱ በቅዱስ ክላራ ገዳም መነኮሳት ላይ በረታባቸው። እመ ምኔቷ እህቱ ካሪታስ ናት። ራሱ የሉተር ወዳጅ የሆነው ሜላንክቶን መጥቶ ነገሩን አበረደው፤ ያሉት ይቆዩ፣ አዲስ ግን አይግቡ ተባለ። ፒርክሃይመርም በዕድሜው መጨረሻ ለመነኮሳቱ ጥብቅና ቆሞ ጽፏል።

ጥያቄ፦ ሪህ ያመው ነበር አሉ?

መልስ፦ ክፉኛ። በ1522 ስለሷ ቀልድ ጻፈ፦ ሪህን ተከሳሽ አድርጎ ዳኞች ፊት አቆማትና መከላከያዋን ራሷ እንድታሰማ አደረጋት።