ወገቤ ነው ወይስ ኪኒኑ?

ሰላም ናችሁ ወዳጆቼ? ዛሬ እንግዳ የለም፤ እኔና ማይኬ ብቻ ነን። ስለ ወገቤ ላወራችሁ ነው። አትሳቁ።

ዲሲ አካባቢ ታክሲ ስነዳ በቀን 12 ሰዓት እቀመጥ ነበር። አንድ ቀን ደለስ ኤርፖርት የተሳፋሪ ሻንጣ ላነሳ ጎንበስ እንዳልኩ ቀረሁ። ቀና ማለት አቃተኝ። ሻንጣውን የጫነችው ሴትዮዋ ራሷ ናት፤ እኔንም ደግፋ ያስገባችኝ እሷው። ሐኪሙ “ዲስክህ ነው” አለኝና ፐርኮሴት የሚባል የሕመም ማስታገሻ ኪኒን ጻፈልኝ። ውስጡ ኦክሲኮዶን አለበት፣ የሞርፊን ዘመድ። እኔ በምን አውቄ? ብርቱካናማ ብልቃጥ፣ ስሜ የተለጠፈበት፣ በየ6 ሰዓቱ አንድ፤ በቃ።

እኛ ዘንድ ሱስ ማለት ጫት ነው፣ አረቄ ነው፣ ሰፈር ውስጥ ስሙ የጠፋ ልጅ ነው። ሐኪም የጻፈው፣ ኢንሹራንስ የከፈለለት ነገር ሱስ ይሆናል ብሎ ማን ያስባል?

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት፣ አልዋሻችሁም፣ ገነት ነበሩ። ከዚያ ሰውነት ለመደው። አንዱ ሁለት ሆነ። በየሐሙሱ አልጋ ላይ ዘርግፌ እቆጥራለሁ፤ ባለቤቴ ስትመጣ አንሶላ ጣል አደርግበታለሁ። ለወገቤ የታዘዘ መድኃኒት እኮ ነው! ምኑ ይደበቃል?

አንዴ ቀኑ ሳይደርስ አለቀብኝ። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ያልበኛል፣ ያዛጋኛል፣ አፍንጫዬ ይፈሳል፣ ቆዳዬ ላባው እንደተነጨ ዶሮ ሆኗል። ጉንፋን መሰለኝ። ወገቤ ግን እንደዚያን ሌሊት አሞኝ አያውቅም። “ይኸው፣ ያለ ኪኒን አልሆንም” አልኩ። መድኃኒቱ ሲጎድል ራሱ ጡንቻና አጥንት እንደሚቆረጥም የነገረችኝ ኋላ ያገኘኋት ሌላ ሐኪም ናት። ያን ሌሊት ማን ነበር የጮኸው? ወገቤ ወይስ ኪኒኑ? እስከ ዛሬ መለየት አልቻልኩም።

እሷው ናት ስለ ሚኒሶታው ጥናት ያጫወተችኝ። 2018 ላይ የወጣ ነው። የወገብ፣ የዳሌና የጉልበት ሕመም ያልለቀቃቸው 240 የቀድሞ ወታደሮች ናቸው፤ ግማሾቹ እንደኔ ዓይነቱን ወሰዱ፣ ሌሎቹ ሱስ ከማያስይዙት ማስታገሻዎች፣ ከታይለኖል (ፓራሲታሞል) እና ከአይቡፕሮፌን ጀመሩ። ከዓመት በኋላ ሲታይ እንቅስቃሴያቸው እኩል ነው፤ ሕመሙ እንዲያውም ትንሽ የቀለለላቸው እነዚያ ባለታይለኖሎቹ ናቸው። ስሰማ ተናደድኩ። በማን እንደተናደድኩ አላውቅም እንጂ።

ሐኪሟ በአንድ ቀን አላስቆመችኝም፤ እንዲያ ማድረግ አደጋ አለው። ጥቂት ጥቂት እያለች ስትቀንስልኝ 7 ወር ፈጀ። ወገቤ አሁንም ያመኛል፤ ይህን ስቀዳ ራሱ ቆሜ ነው።

እናቴ እሁድ እሁድ ከደሴ ስትደውል “ወገብህስ?” ትለኛለች። ያን ሁሉ ጊዜ “ደህና ነው እማዬ” ስላት ኖርኩ። ባለፈው እሁድ “ያመኛል” አልኳት።

“እኔን!” አለች። ዝም አለችና ደግሞ፣ “በል እንግዲህ ተጋድመህ አትዋል፤ ተነስና ትንሽ ወዲያ ወዲህ በል።”