ከቢራው ግብር ለወይን ችግኝ፦ ወሎ ላይ ያዋጣል?

[ምስል፦ ኮምቦልቻ፣ ከቢራ ፋብሪካው በር የሚወጣ የጭነት መኪና]

ተራኪ፦ እስኪ ባለ 33 ሳንቲ ሊትሩን የቢራ ጠርሙስ አንሱ። የ2012ቱ የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ሲጸድቅ ቢራ ላይ የጣለው 40 በመቶ ወይም በሊትር 11 ብር ነበር፤ ከሁለቱ የሚበልጠው። በትንሹ ብናሰላው እንኳ ከአንድ ጠርሙስ 3 ብር ከ60 ያልፋል። ቫቱ ገና ነው።

ብሩ መንግሥት ካዝና ገብቶ ከሌላው ግብር ጋር ይቀላቀላል። መንገድም ይሠራበታል፣ ደመወዝም ይከፈልበታል። "ይቺ ከቢራ የመጣች ናት" ብሎ የሚለያት የለም።

አሜሪካ ውስጥ ሚዙሪ የምትባል ግዛት ግን ለይታታለች። እዚያ የሚሸጥ ወይን ጠጅ ሁሉ በጋሎን 12 የአሜሪካ ሳንቲም ለብቻው ይከፍላል። ጋሎን አምስት ጠርሙስ ያህል ስለሆነ፣ የአንዱ ድርሻ ሁለት ሳንቲም ተኩል አይሞላም። ጠጪው ልብም አይለው። ገንዘቡ በሕግ ለግዛቲቱ የወይን ቦርድ የተመደበ ነው፤ ለምርምርና ለማስተዋወቅ ይውላል።

"ሁሉ" ያልኩትን ያዙልኝ። ከፈረንሳይ የመጣውም ይከፍላል። ሌላዋ የአሜሪካ ግዛት ቨርጂኒያ ግን ለወይን ማስተዋወቂያ ፈንዷ የምትመድበው ከራሷ ወይን የተሰበሰበውን የሊትር ታክስ ነው። እኔን ከጠየቃችሁኝ የሚዙሪው ይሻላል። ገና የሚሸጥ ወይን የሌለው ጀማሪ በቨርጂኒያው መንገድ ቢሄድ ምን ያገኛል?

[ምስል፦ መርሳ አካባቢ፣ የመስኖ ቦይና የፍራፍሬ ማሳ]

ወሎ ያለው ቢራው ነው። የኮምቦልቻው ፋብሪካ ባለቤት ቢጂአይ የፈረንሳዩ ካስቴል ኩባንያ ነው። ይኸው ካስቴል ባቱ ላይ ወይን ተክሎ፣ ጠጁን ጠምቆ ለገበያ አውጥቷል። ሙያው አገር ውስጥ አለ ማለት ነው።

ክልሉ ግን ብድግ ብሎ ግብሩን ልውሰድ ማለት አይችልም። ከድርጅቶች የሚሰበሰበው ኤክሳይስ የፌዴራልና የክልል የጋራ ገቢ ነው፤ ክፍፍሉን የሚወስነው የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው። ክልሉ የሚችለው ከደረሰው ድርሻ ላይ ቆንጥሮ በበጀቱ መያዝ ነው።

ቆንጥሮ ምን ያድርግበት? ፋብሪካው ይቆይ። መጀመሪያ ችግኝ፣ ሐረጉ የሚወጣበት ቋሚና ሽቦ፣ መግረዝ የሚያውቅ ባለሙያ። ወይን ደህና ፍሬ እስኪሰጥ ሦስት ዓመት ገደማ ይፈጃል። ሽንኩርት ተክሎ በወራት ውስጥ የሚሸጥ ገበሬ እስከዚያ ምን ይብላ? ድጎማው ዋጋ የሚኖረው እዚህ ላይ ነው።

ደግሞም አገሩ ወሎ ነው። በመጠጥ ስም የመጣ ፕሮጀክት የማይገባበት ቤት ብዙ ነው። ስለዚህ ዝርያ ሲመረጥ እንዲሁ የሚበላና ዘቢብ የሚወጣው ወይንም ይታሰብበት። ዘቢቡን ቤተክርስቲያን ለቁርባን ትፈልገዋለች፣ ሙስሊሙም ይበላዋል። ያም ሆኖ "የቢራ ብር ማሳዬ አይገባም" የሚል ገበሬ ቢመጣ አይገርመኝም። ለእሱ ችግኙ ከሌላ በጀት ይገዛለት።